ማጥፊያ የሌላት ታጎ

ታላቅ ወንድማችን ማኖንግ ክሪሳንቶ ማግባኑዋ ከአባታቸው ከጀልባ ነጂው ከታታይ ሴቬሮና ከእናታቸው ከናናይ አዴላ እ.ኤ.አ. በ1961 በጊማራስ ደሴት ተወለዱ። ፊደል የቆጠሩት ማንጎ ወደ ኢሎይሎ ከተማ በምታሻግረው የአባታቸው ጀልባ ላይ ሲሆን፣ በኋላም በከተማው ኮሌጅ በኮምፒውተር ሙያ ተመርቀው በአንድ የመርከብ ድርጅት ለሠላሳ ዓመታት አገልግለዋል። በ1988 «ማናንግ»፣ ማለትም ታላቅ እህት፣ ከምንላቸው ከነኒታ ጋር በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ተጋብተው ሌኦኖርንና ዳንቴን ወልደዋል።

ታታይ ሴቬሮ በሞት አልጋ ላይ ሳሉ የየወሩን ነፋስና የባሕሩን ጠባይ ነግረዋቸው፣ እሳቸውም አንድ ሳይቀር በኮምፒውተር ጽፈው አኑረውት ነበር። ሆኖም ከቀብሩ በሦስተኛው ወር፣ በሌላ የፋይል አቃፊ ውስጥ ያሉ መስሏቸው ትእዛዝ በሚተየብበት የኮምፒውተሩ ጥቁር መስኮት ላይ የማጥፊያውን ትእዛዝ ቢሰጡ የአባታቸው ቃል በሙሉ በቅጽበት ጠፋ። ሁለት ቀን እህል አልቀመሱም።

ታጎ የተወለደችው ከዚያ ሐዘን ነው። ስሟ በቋንቋችን «አኑር» ማለት ነው፤ ይህች ማኖንግ የሠሯት ትንሽ ፕሮግራም የጻፉባትን ማስታወሻ ቀን ሰጥታ ታኖራለች፣ አንድ ቃል ሲተይቡላት ፈልጋ ታመጣለች፤ ሌላ ሥራ አታውቅም። በኢንተርኔት አግኝተዋት ከየአገሩ የሚጠቀሙባት ሰዎች ማጥፊያ ይጨመርላት ብለው ቢወተውቷቸውም፣ በሁሉ ነገር እሺ ባዩ ማኖንግ በዚህ ግን አልተበገሩም። ማናንግ ነኒታ «የዛሬውንም ጭቅጭቃችንን ጻፈው፣ እንዳትረሳው!» እያሉ ሲያሾፉባቸው እሳቸው የምር ይጽፉት ነበር።

በ2018 የመርሳት ሕመም ያዛቸው። መጀመሪያ የጎረቤትን ስም፣ ቀጥሎ የልጆቻቸውን፣ በመጨረሻም የሚስታቸውን መልክ ወሰደባቸው፤ ማናንግ ነኒታ ከሞት አብልጠው ይፈሩ የነበረው ይህንኑ ነበር። ጣቶቻቸው ግን ታጎን አልረሱም፤ ጠዋት ጠዋት ይተይቡ ነበር፣ ምን እንደሚጽፉ የጠየቃቸው ግን አልነበረም። ባለፈው ሐሙስ በስልሳ ሁለት ዓመታቸው አረፉ።

ትናንት አስክሬናቸው ቤት ሳለ ማናንግ ኮምፒውተሩን ከፍተው የገዛ ስማቸውን ቢተይቡ፣ ካለፉት ሁለት ዓመታት አንድም ጽሑፍ አልመጣላቸውም። አልቅሰው ሲያበቁ በየጠዋቱ በእጃቸው ያበሏቸው የነበረውን «ገንፎ» ብለው ተየቡ። ሁለት መቶ ዐሥራ አራት ማስታወሻ ወጣ፣ የሁሉም ቃል አንድ ነው፦ «ዛሬ አንዲት ደግ ሴት የሩዝ ገንፎ አበላችኝ። ባል ይኖራት ይሆን? ስሟን ጠይቅ።»

ማኖንግ ክሪሳንቶ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አንዲት የልጅ ልጃቸውንና ታጎን ትተው ሄደዋል። ማናንግ ነኒታም ዛሬ ወደዚህ ከመምጣታቸው በፊት በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በታጎ ላይ ጽፈዋል፦ «ነኒታ እባላለሁ። አዎ፣ ባል አለኝ።»

አንዱንም የማይረሳ አምላክ ነፍሳቸውን በደጋጎቹ መካከል ያኑርልን።