ዘር ሊያጣሩ የወጡ ሰውዬ

ከአምቦ ወደ ጊንጪ በሚሄደው ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ ነኝ፤ ከአእምሮ ሕክምና ክፍል የተቀበልኩትን የወንድሜን መድኃኒት ሰው እንዳያየው ሹራቤ ስር ሸጉጬዋለሁ። ከፊቴ አንድ ሽማግሌና አንዲት ነርስ እያወሩ ነው።

«ሴት ልጄን ለትዳር ጠይቀውኛል፤ የሚያገባትን ልጅ ዘር ላጣራ ጊንጪ መሄዴ ነው።»

«ምኑን ነው የሚያጣሩት አባባ?»

«እብድ እንዳለበት ነዋ! አንድ አጎቱን ነካ ያደርገዋል አሉ። በዘር ይመጣል አይደል እንዴ?»

«ዘር የራሱ ድርሻ አለው፤ ብቻውን ግን አይደለም። ሐሺሹ፣ ጫቱ፣ በልጅነት የታየ መከራ ሲጨመርበት ነው የሚብሰው። ዘመዱ ታሞ እሱ ደህና የሆነ ሰው ሞልቷል።»

«ታዲያ ምን ብዬ ልጠይቅ?»

«ልጁ ራሱ ያጨሳል ወይ፣ ይቅማል ወይ፣ እንቅልፉስ እንዴት ነው ይበሉ። ለመሆኑ በእርስዎ በኩል የታመመ የለም?»

«በእኛ? ንጹሕ! አንድ አጎቴ ብቻ ጭልሞ ጫካ ገብቶ ክረምቱን ከዛፍ ጋር ሲማከር ከርሟል። እሱ ግን መተት ተሠርቶበት ነው።»

«የልጁም አጎት መተት ተሠርቶበት ቢሆንስ?»

ሰውዬው ባርኔጣቸውን አውልቀው ራሳቸውን አከክ አደረጉ። ነርሷ ቀጠለች፦

«ደግሞ ይኼኔ እነሱም የእርስዎን ዘር ሊያጣሩ አምቦ ገብተው ይሆናል።»

«ያ ዋቃ፣ አምላኬ! ጎረቤቴ እኮ ሚስጥር አይቋጥርም! ሾፌር፣ ወራጅ አለ!»

«ጊንጪ ገና ነው እኮ አባባ!»

«ጊንጪ ይቆየኝ! አምቦ ተመልሼ የአጎቴን ነገር ከሰው ከሚሰሙት እኔው ብነግራቸው ይሻላል።»

እሳቸው ሲወርዱ የወንድሜን መድኃኒት ከሹራቤ ስር አውጥቼ ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩት።