ጋሼ ሳቴኪ ባሕር ማየት ያበዙ ሰሞን

ጋሼ ሳቴኪ እዚህ ደሴት የመጡ ዕለት እኔ አልተወለድኩም። ስላልነበሩበት ነገር አሳምሮ ማውራትን ግን በዚህ መሸኛ ድግስ ላይ ከተቀመጣችሁት ከትልልቆቹ ስለተማርኩ ልቀጥል። አዲሱ ጤና መኮንን መጣ ተብሎ ሕዝቡ አበባ ይዞ ወደብ ወጣ። እሳቸው ከጀልባው የወረዱት በሁለት ሰው ተደግፈው፣ ፊታቸው የጎደሬ ቅጠል መስሎ፣ እያስመለሳቸው ነበር። ጤና ጣቢያው ውስጥ ተኝቶ የነበረው ብቸኛ በሽተኛ አልጋውን ለቀቀላቸው፤ ሲያራግብላቸውም ዋለ አሉ። በማግስቱ ሰውዬው ድኖ ቤቱ ገባ። ጋሼ እስከ ዛሬ “የመጀመሪያ ታካሚዬን በአንድ ቀን አዳንኩ” እያሉ የሚጎርሩት በዚህ ነው።

ስቁነጠነጥ እያያችሁኝ ነው። ጀልባው ሐሙስ ይነሳል፣ ጋሼም ባሕር ማዶ ኦክላንድ ልጃቸው ጋ ሊኖሩ ይሄዳሉ፤ እኔ ረዳታቸው ደግሞ ልባቸው ደህና መሆኑን ሳላይ ላሳፍራቸው አልፈልግም። የደም ግፊትዎን ልለካ ባልኳቸው ቁጥር ምክንያት አያጡም። አንዴ ሸሚዜ ጠባብ ነው ይላሉ፣ አንዴ ምሳ አልበላሁም ይላሉ፤ ትናንትማ መጥረጊያ ይዘው ግቢ ሊጠርጉ ወጡ።

የልብን ምት ወረቀት ላይ የምትስለውን ኢሲጂ ማሽናችንን ታውቋታላችሁ፤ በመላው ቶንጋ የዕድሜ እኩያ የቀራት አይመስለኝም። ሥራ የጀመርኩ ቀን ይህቺ አሮጌ ትሠራለች ወይ ብዬ ብጠይቃቸው፣ “ታላቅሽ ናት፤ አንቱ በያት” አሉኝ።

ፓስተራችንም ይቅር ይበሉኝ። አንድ ቀን ግፊታቸው እየተለካ ስብከታቸውን ስላላቋረጡ ቁጥሩ ጣሪያ ነካ። ጋሼም ፓስተሩን እግር ሳያቆላልፉ፣ አፍ ሳይከፍቱ ትንሽ እንዲቀመጡ አደረጓቸው። ደግመው ሲለኩ ወርዷል። የፓስተሩ ባለቤት በሩ ላይ ቆመው ይህ መድኃኒት ለቤትም ይሰጥ እንደሆነ ጠየቁ።

የባለሱቁን የአቶ ፌሌቲን ነገርስ ማን ይረሳል። ሰኞ ጠዋት ሆዳቸውን ይዘው መጡ። እሑድ ለት የተጠበሰውን አሳማ ማን እንደጨረሰው ስለሚታወቅ ወረፋው በሙሉ ፈረደ፤ ሥጋው ነው፣ ሎሚ ይጠጡ ተባለ። ግፊታቸውም ደህና ነበር። ጋሼ ግን ጥላ ሥር የተቀመጠ ሰው ግንባሩ በላብ መራሱን፣ መንጋጋውን ማሸቱን አዩ። ኢሲጂ ይነሳ ሲሉ አቶ ፌሌቲ ሸሚዜን አላወልቅም፣ የት እንዳመመኝም አልናገርም ብለው ድርቅ አሉ። ያን ጊዜ ጋሼ ጥግ ላይ ወደተቀመጠችው ወደ አቶ ፌሌቲ እህት ዞር ብለው፣ በትሕትና ወደ ውጭ ሸኟት። በእኛ ወግ ወንድም እህቱ ፊት ደረቱን ይገልጣል እንዴ? እሷ እንደወጣች ሸሚዙም ወለቀ፣ ቃሉም ወጣ፤ ደረቴ ላይ ሰው ቆሞብኛል አሉ። ወረቀቱ ላይ መስመሩ ወደ ቦታው መመለስ ሲገባው ሽቅብ ተሰቅሎ ቀርቷል። ጋሼ አስፕሪን አኝከው እንዲውጡ ሰጧቸው፣ ወደ ትልቁ ሆስፒታል የሚወስዳቸው አውሮፕላንም አስጠሩላቸው። ይኸው አቶ ፌሌቲ ከኋላ ተቀምጠዋል። ያንን የሥጋ ሳህን ለጎረቤትዎ ያቀብሉት፣ አይቼዎታለሁ።

የዚያን ቀን ጋሼ እንዲህ አሉኝ፦ “ሴይኒ፣ የእኛ ሰው ልቤን አመመኝ አይልም። አሳማውን ይከስሳል፣ ሙቀቱን ይከስሳል። ዳገት ላይ ቆሞ ባሕር የሚያይ ሰው ካገኘሽ፣ ባሕሩን ተይና ሰውዬውን እዪ።”

እኔም አየሁ፣ ጋሼ። ሰሞኑን ከወደቡ ወደ ጤና ጣቢያው ሲወጡ ደጋግመው ይቆማሉ። ምን ሆነው ነው ስልዎት፣ “ልሄድ አይደል፣ ባሕሩን እየተሰናበትኩት ነው” አሉኝ። ይሁን፣ ሰው ይሰናበታል። የሚሰናበት ሰው ግን ትንፋሹ አይቆራረጥም፤ ግራ ክንዱንም አያሽም።

አሁን ቀልዱን ልተው። የመጀመሪያዬን ኢሲጂ ለአንድ አዛውንት ሳነሳ ደንግጬ ሽቦዎቹን አሳስቼ ስሰካ አይተው ወረቀቱን ያዙልኝና፣ “የምናነበው የእሳቸውን ልብ ነው፤ ያንቺ ተራው አልደረሰም” አሉኝ። ያቺን ቃል ይዤ ነው እስከ ዛሬ የምሠራው። እዚህ ከተቀመጡት ትልልቆች ውስጥ ለጥያቄዬ ሁሉ መልስ የሰጡኝ፣ ዝም በይ ያላሉኝ እርስዎ ብቻ ነዎት። ከልቤ አመሰግናለሁ። ያስተማሩኝን ሁሉ አምኜ ተቀብያለሁ። “ደህና ነኝ” ያሉኝን ግን አልተቀበልኩም፤ ደህና ነኝ የሚልን ሰው ዝም ብለሽ አትመኚ ያሉኝም እርስዎው ነዎት።

የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ባዝዝዎት ይስቁብኛል። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ታላቅ እህትዎ እትዬ ሜሌናይቴ ጋ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። በእኛ ወግ እህት የተናገረችውን ወንድም እንደማይመልስ ለእርስዎ አልነግርም። እትዬ፣ ጠዋት ያሉኝን እዚሁ ይበሉልኝ።

ሰማችሁ? “ሳቴኪ፣ ልጅቷ ያለችህን አድርግ፤ እኔ ውጭ እጠብቅሃለሁ” አሉ። ይኸው ተነሥተው ወጡ፤ ጋሼን ሸሚዝ ከማውለቅ የሚከለክላቸው የለም ማለት ነው።

እንግዲህ ኮኮናታችሁን ያዙ። ለጋሼ ሳቴኪ! የኦክላንድ ብርድ ይራራልዎት፤ የልጅ ልጆችዎ ከእኔ የባሰ ጠያቂ ይሁኑብዎት፤ ጡረታዎ ከሥራ ዘመንዎ ይርዘም። ጋሼ፣ እርስዎ በቀኝ እጅዎ ያንሡ። ግራውን ለእኔ ይስጡኝ።