ጎልቦ የላክነው ቃል

ካህናት አባቶቼ፣ እናቶች፣ የማኅበራችን ወንድሞችና እህቶች፣ የጎልቦ ሽማግሌ ኦቦ ጅሎ፣ ከጎልቦ በሎሪ ተጭናችሁ የመጣችሁ አርብቶ አደር ወገኖቻችን፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። እኔ ዮፍታሄ ነኝ። የኔን ዱካ ከታፈሰ ሱቅ የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው። ዛሬ ስለ ደግነቱ ብቻ ተናግሬ እንዳበቃ ተነግሮኛል። አልችልም። አንጀቴ ተቃጥሏል።

ታፈሰን ታውቁታላችሁ። እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ እኛ ወደ ምሳችን፣ እሱ ወደ ጎልቦ። መድኃኒት፣ ዱቄት፣ የልጆች ጫማ ቦዳቦዳ ሞተሩ ላይ ጭኖ። ሚስቱ ቆንጂት «ቤትህ ሞያሌ ነው ጎልቦ?» ስትለው፣ «አንቺም ነይ፣ ወተት አለ» ይላት ነበር። ደመወዝ ነበረው? አልነበረውም። ሹመት ነበረው? አልነበረውም። ስለ ክርስቶስ ብሎ ነው። ማኅበራችን በፀሐይ የሚሠራውን የውሃ ፓምፕ ጎልቦ ላይ ሲተክል፣ ሕዝቡን ሰብስቦ «የእናንተ ነው» ያለው እሱ ነው። ማን ላከው? እኛ።

ከዚያስ? ባለፈው ድርቅ ማኅበሩ ፓምፑን ነቀለ። ታፈሰ ተጠራ። «ተበላሽቷል፤ ፈንዲ፣ መካኒኩ፣ ጠግኖት ይመለሳል በላቸው» ተባለ። አመነ። ሄዶ ነገራቸው። ማን ላከው? እኛ።

ፓምፑ የት እንደነበረ ታውቃላችሁ? አንድ ቀን ታፈሰ ምስማር ሊያደርስ ወደ ማኅበሩ የእንግዳ ማረፊያ ገባ። ፓምፑ እዚያ ውሃ ይስባል። ሣሩ ለምልሟል። ከውጭ የመጡ ጎብኚዎች ገላቸውን ይታጠቡበታል። ምስማሩን እንደያዘ ወደ ዱካዬ መጣ። «ዮፍታሄ፣ በኔ አፍ ዋሹ!» አለኝ። ያን ሰው ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ጎልቦ ሄደ፤ አብሬው ነበርኩ። እውነቱን ነገራቸው። ኦቦ ጅሎ፣ ያኔ ያሉትን አልረሳሁም። «ያመጣህልን የተላከ ቃል ነው። የተላከ ቃል የሚሻረው በላከው ሰው አፍ ነው። የላከህ ይምጣ። እስከዚያ ውሸቱ ያንተ ነው» አሉት። ሥርዓታችሁ ነው፤ አልቀየምኩም። እዚያ ሁሌም የምታስተናግደው ዲንቁ ወተት አመጣችለት፤ እንግዳ ተቆጥተውበትም ቢሆን ወተት አይነፈግም። ግን እንደ ወትሮዋ አጠገቡ አልተቀመጠችም። ስለ ልጆቹም አልጠየቀችውም። ስንመለስ «ወተቱ አልወርድ አለኝ» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ማኅበሩን ለመነ። አንድ ሰው ብቻ ይምጣልኝ አለ። መኪናው ተበላሽቷል ተባለ። ስብሰባ አለ ተባለ። ጾም ነው ተባለ። ዝናቡ ሲመጣ ደግሞ መንገዱ ጭቃ ሆነ። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም! የታፈሰ ቦዳቦዳ ያን ጭቃ ስንት ዘመን አልፎታል? ልቡን ታሞ አልጋ ላይ ሲውል እንኳ፣ በር በተንኳኳ ቁጥር «ሊሄዱልኝ ነው?» ይለን ነበር። ደመወዝ ያልከፈላችሁትን ሰው፣ ስሙን እንዴት ትወስዱበታላችሁ? ሌላ ምን ነበረው?

ዛሬ የጎልቦ ሰዎች መጥተዋል። ይህን መቃብር የቆፈሩት እነሱ ናቸው። ቅር እንዳላቸው ቆፈሩለት። ማኅበሩ የአበባ ጉንጉን ይዞ መጣ፤ ሪባኑ ላይ «የማይረሳ አገልጋያችን» ይላል። ሲለምናችሁ ግን ረስታችሁት ነበር።

ክቡር ሰብሳቢያችን፣ አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ። ዛሬ መኪና አያስፈልግም። ኦቦ ጅሎ እዚያው ጎንዎ ቆመዋል። ዞር ይበሉና «የላክነው እኛ ነን፤ እሱ አያውቅም ነበር» ይበሏቸው። አባቶቼ፣ ይቅር በሉኝ። ቆንጂት፣ እኅቴ፣ አንቺም ይቅር በዪኝ። ይህ ሳይባል አፈር አይመለስበትም።

ታፈሰ፣ ወንድሜ፣ ጎረቤቴ። የደከምክለት አምላክ ነፍስህን ይቀበላት። ደህና ሁን እልሃለሁ፤ ግን የውሸታም ስም ጭኜ አልሸኝህም። አካፋው እኔ እጅ ላይ ነው። ሰብሳቢው እስኪናገሩ እጠብቃለሁ።