ደዋይ የሌለው መስመር

ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ካዛንቺስ በሚገኝ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ምድር ቤት፣ ሁለት ሰዎች ሳይቀጣጠሩ ተገናኙ። ያገናኛቸው አሳንሰሩ ነው። በሩ ላይ «ለጥገና ቆሟል» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት ነበርና፣ ዘጠነኛ ፎቅ የሚወጣ ሰው ከእግሩ ሌላ ተስፋ አልነበረውም።

አንደኛው አቶ ደቻሳ ናቸው። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው፣ ክራቫታቸውን በሐሩር እንኳ የማያላሉ፣ ከጥበቃ ሠራተኛው ጀምሮ ለሁሉም ቆመው ሰላምታ የሚሰጡ ሰው። ሥራቸውን ባጭሩ ልንገራችሁ። ምሽት ላይ የከተማው ፍጆታ ከአቅም በላይ ሲሆን የአንዱ ሰፈር መስመር ለጊዜው መጥፋት አለበት። የትኛው ይጥፋ የሚለውን የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የወሰኑት ደግሞ በስልክ ነው፤ የደወለ ይበራለታል። እንዳትፈርዱባቸው፤ ጉቦ የሚባል ነገር በእጃቸው አልፎ አያውቅም። ሰው ተቸግሬአለሁ ብሎ ሲደውል እምቢ ማለት አይሆንላቸውም፣ በቃ።

ሁለተኛዋ ሰምሃል ናት፤ ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው። «የስማርትና ተለዋዋጭ የኤሌክትሪክ ሥርዓት አስተዳደር ፖሊሲ ቡድን መሪ» ትባላለች። ማዕረጉን በአንድ ትንፋሽ ማንበብ ራሱ ዘጠኝ ፎቅ መውጣት ነው። የጻፈችው ረቂቅ መመሪያ ሁለት ጊዜ «ይታይ» ተብሎ ተመልሶባታል። ዛሬ አራት ሰዓት ላይ ለሦስተኛ ጊዜ ይቀርባል። ዛሬም ከተመለሰ ቡድኑ ይበተናል። የኮሚቴው ሰብሳቢ ማን መሰላችሁ? አቶ ደቻሳ። በዚያ ቤት ደግሞ ሰብሳቢው መጀመሪያ ያለውን ሌላው ይደግማል እንጂ አያፈርስም።

«እንዴት አደሩ ጋሽ ደቻሳ?» አለች ጎንበስ ብላ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንዴት አደርሽ ልጄ? ነይ እንግዲህ፣ ቀስ እያልን እንውጣ። አንቺ ትሮጫለሽ፣ እኔ አለከልካለሁ፤ መሐል ላይ እንገናኛለን።»

አንደኛው ፎቅ ላይ ነገሩን የጀመሩት እሳቸው ናቸው።

«ወረቀትሽን አንብቤዋለሁ። ሳልደብቅ ልንገርሽ፣ ልቤ አልተቀበለውም። ብልህ መብራት ምን ማለት ነው? መብራት መብራት ነው፤ ብልህ መሆን ያለበት ሰው ነው።»

«እኔም እንደሱ ነው የምለው ጋሼ። ማለቴ፣ ቆጣሪው ብልህ የሚባለው በየሰዓቱ ምን ያህል እንደተጠቀምን ስለሚናገር ብቻ ነው። ሰርግ ቤት አይተው የለ? ምግብ ቀረበ ሲባል ሁሉም ባንዴ ይነሳና ሰልፉ በር ድረስ ይደርሳል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ቢሄዱ ግን ጠረጴዛው ባዶ ነው። እኛም አስራ ሁለት ተኩል ሲሆን ምድጃው፣ ዳቦ ቤቱ፣ ከሥራ የተመለሰው የኤሌክትሪክ መኪና፣ ሁሉም ባንዴ ይሰካል። ከነዚህ ውስጥ ግን መጠበቅ የሚችል አለ። መኪናው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ቢሞላ ምንም አይሆንም። የሥጋ ማቀዝቀዣ ቀን ላይ በደንብ ከቀዘቀዘ ማታ ሁለት ሰዓት ያርፋል። የውኃ ፓምፕ ታንከሩን ቀድሞ ይሞላል። መጠበቅ የሚችሉት ፈቅደው ትንሽ ትንሽ ከቀነሱ፣ ለነሱም ታሪፉ ከቀነሰላቸው፣ አንድ ሰፈር ሙሉ ለሙሉ ማጥፋት አያስፈልገንም።»

«ካስፈለገስ?»

«ካስፈለገማ በተራ ይጠፋል፤ ተራውና ሰዓቱ ቀድሞ ለሁሉም ይነገራል።»

አቶ ደቻሳ የደረጃውን ድጋፍ ይዘው ቆሙ። ነገሩ መጥፎ አልመሰላቸውም፤ ግን ሠላሳ ዓመት የያዙትን በአንድ ፎቅ ማን ይለቃል?

«አጥፊው ማሽን ሲሆን ማን ይጠየቃል? እኔ ብሳሳት ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ማሽን ይቅርታ አይጠይቅም። ደግሞ ሰዉ ምን እንደሚል ታውቂያለሽ? ቆጣሪው ስንት ሰዓት እንደምተኛ ያውቅብኛል ይላል። ውሸት ነው?»

«ውሸት አይደለም» አለች ሰምሃል። «ለዚህ እኮ ነው ሥራዬ ቆጣሪ መግዛት ያልሆነው። ቆጣሪውን ማንም ይገዛዋል። ከባዱ ደንቡ ነው። ማን ያዛል? ማን እምቢ የማለት መብት አለው? የሰዉን መረጃ ማን ያያል፣ ለስንት ቀን? ሲሳሳት ማን ቀርቦ ይመልሳል? ረቂቁ ውስጥ ይህ ሁሉ በስም ተጽፏል። ሰው ያልፈቀደው መሣሪያ አይነካም፤ የፈቀደም በማንኛውም ቀን መተው ይችላል።»

ሦስተኛው ፎቅ ላይ የአቶ ደቻሳ ስልክ ጮኸ። ደዋዩ ደምበል አካባቢ ሆቴል ያለው ሰው ነበር፤ ማታ ትልቅ እንግዳ አለብኝ ይላል። «አይዞህ፣ ዛሬ አትነካም» አሉና ዘጉ፤ ፊታቸውም ፈካ።

«አየሽ? ደንብ እንግዳ የመጣበትን ሰው ከየት ያውቃል? ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ልጄ። ደንብ ሰው አያውቅም።»

«ባያውቅ አይሻልም ጋሼ? በድሮ ጊዜ አንድ ምስኪን መንገደኛ ዱላ ያነሳውን ጉልበተኛ ‹በሕግ አምላክ!› ካለው ይቆም ነበር ይባላል። የቆመው መንገደኛውን ስላወቀው ነው? ማንም ይበለው ማን፣ ቃሉ ስለሚበቃ ነው። አሁን ግን ለመብራት ‹በሕግ አምላክ› የሚል ሰው መጀመሪያ የእርስዎ ስልክ ቁጥር ሊኖረው ይገባል።»

አቶ ደቻሳ ሳቃቸው አመለጣቸው። «አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል አሉ። ምላስሽን ወድጄዋለሁ፤ ግን አልረታሽኝም።»

«እሺ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የሆቴሉ መስመር ዛሬ ካልጠፋ የቱ ይጠፋል?»

«የሚጠፋ ሌላ መስመር አይታጣም።»

«የቱ?»

«አብዛኛውን ጊዜ የቄራው ነው» አሉ፣ የተለመደ ነገር እንደሚናገር ሰው። «እዚያ ቅሬታ የለም። እግዜር ያሳይሽ፣ በሠላሳ ዓመት ከዚያ መስመር አንድ ሰው ደውሎልኝ አያውቅም። ብታጠፊባቸው የማይከፋቸው፣ ጨዋ ሕዝብ ናቸው።»

ሰምሃል መልስ ልትሰጥ አፏን ከፈተችና ተወችው። ከታላቅ ሰው ጋር ስትሟገት ሁሉንም አትናገርም፤ እናቷ እንዲያ ነው ያሳደገቻት። ወደ ላይ መውጣታቸውን ቀጠሉ።

ስድስተኛው ፎቅ ላይ ቡዜ ደረጃውን በመወልወያ ታጸዳ ነበር። ቡዜ በመሥሪያ ቤቱ አስራ አንድ ዓመት የሠራች የጽዳት ሠራተኛ ናት። አቶ ደቻሳ ሳይጠይቋት ያለፉበት ቀን የለም።

«ትንሽ ይድረቅልኝ ጋሼ፣ ያንሸራትታል» አለች።

«እንዲያውም ደግ ጊዜ አገኘንሽ። አንቺ ቄራ አይደል የምትኖሪው? እስቲ ለዚህች ልጅ ንገሪያት። ማታ ማታ መብራት ሲሄድ ያን ያህል ያስቸግራችኋል?»

ምስክር የጠሩት እሳቸው ናቸው፤ ማንም አላስገደዳቸውም። ቡዜ መወልወያዋን ግድግዳው ላይ አስደገፈችና እጇን በሽርጧ ጠረገች።

«እንግዲህ ምን ይደረጋል ጋሼ፣ ለምደነዋል። የሊካሳ ነገር ነው እንጂ። ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ነው፤ የስፌት መኪናው በኤሌክትሪክ ነው። ቀን ሰው ይለካል፣ ማታ ይሰፋል። ማታ ሲቀመጥ ድርግም ይላል። ‹ሐሙስ ና› ብሎ ሐሙስ አይደርስለትም። ሰው አንዴ ይታገሣል፣ ሁለቴ ይታገሣል። አምና የአንድ ትምህርት ቤት ዩኒፎርም ይዞ ነበር፤ ቀጠሮ አፈረሰ ብለው ወሰዱበት። ያን ሰሞን ሁለት ቀን ምግብ አልበላም።»

«ታዲያ ጠዋት አይሰፋም?» አሉ አቶ ደቻሳ።

«መቼ እንደሚጠፋ ቢያውቅማ ጠዋት ተነስቶ ይሰፋ ነበር። ጨለማው አይደለም የሚጎዳን ጋሼ፣ አለማወቁ ነው። አንዳንዱን ቀን ጠዋት ተነስቶ ሰፍቶ ሰው ሳይለካ ይውልና፣ ማታ ደግሞ መብራቱ ቁጭ ብሎ ያመሻል።»

«እኔን በየቀኑ ታገኚኝ የለ? ምነው አንድ ቀን እንኳ ሳትነግሪኝ?»

ቡዜ ግራ ገባት። «ለእርስዎ? ምን ብዬ? እኛ ገመዱ አርጅቶ ነው ብለን ነው የምናስበው። ሰው ያጠፋዋል ብለን አስበን አናውቅም።»

አቶ ደቻሳ በረጠበው ደረጃ ላይ፣ ከነሱፋቸው፣ ቁጭ አሉ። አፈሩ። ጨዋ ናቸው ብለው ሠላሳ ዓመት ያመሰገኑት ሕዝብ ለካ ማንን እንደሚጠይቅ ሳያውቅ ነው ዝም ያለው። ለአንዱ «አይዞህ» ባሉ ቁጥር ሌላውን «ጥፋ» ማለታቸው እንደነበር እስከዚያች ሰዓት አልታያቸውም ነበር። የሰውን ደግነት የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ ክፋት አይደለም፤ የሚታየውን ብቻ ማየት ነው። በዓይኑ ፊት ላለው የሚራራ ሰው ሞልቷል፤ ለማያየው ሰው የሚራራው ግን ደንብ ነው።

«ቡዜ» አሉ በመጨረሻ፣ «አጥፊው ገመዱ አልነበረም። እኔ ነኝ። ሳላውቅ ነው፤ ግን እኔ ነኝ። ለሊካሳም ንገሪልኝ፤ እኔም መጥቼ እነግረዋለሁ።»

ቡዜ አላመነችም መሰለኝ፤ «ኧረ ይነሱ ጋሼ፣ ሱሪዎ ራሰ» ብላ እጃቸውን ያዘች።

ሰባተኛውን ፎቅ አልፈው ስምንተኛው ሲደርሱ አቶ ደቻሳ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁ። «ልጄ፣ እውነቱን ልንገርሽ? የፈራሁት ማሽኑን አይደለም። ስልኩ ዝም ሲል እኔ ምን እሆናለሁ ብዬ ነው የፈራሁት። ሠላሳ ዓመት ሰው ፈልጎኛል።»

«አሁንም ይፈለጋሉ» አለች ሰምሃል። «የትኛው መስመር ላይ ክሊኒክ እንዳለ፣ የትኛው ፓምፕ አንድ ሰዓት ቢያርፍ ሰፈሩ ውኃ እንደማያጣ፣ ከእርስዎ ሌላ የሚያውቅ የለም። ወረቀቱ እኔ ዘንድ ነው፣ ዕውቀቱ እርስዎ ዘንድ። እርስዎ ጡረታ ሲወጡ ያ ሁሉ አብሮ መሄድ የለበትም። ደንቡ ውስጥ ይቅር።»

«እንግዲያው አንድ አንቀጽ ጨምሪ። ጻፊ፤ ‹በአንድ ወር ሁለት ጊዜ መብራት የጠፋበትና ቅሬታ ያላቀረበ ሰፈር ቢኖር፣ ባለሙያ በአካል ሄዶ ነዋሪውን ይጠይቅ።› ያልደወለ ይጠየቅ። አንቺም ይህን አላሰብሽውም።»

ሰምሃል እስክሪብቶዋን አወጣች። እውነትም አላሰበችውም ነበር፤ እንዲያውም ቅሬታ የሌለበትን ቦታ እሷም «ችግር የለም» ብላ በሠንጠረዥ አስቀምጣው ነበር። ይህንንም አልሸሸገችም፣ ነገረቻቸው። የተማረም ያልተማረም የሚሳሳተው አንድ ቦታ ላይ መሆኑን ሲያዩ አቶ ደቻሳ ትንሽ ቀለላቸው።

ኮሚቴው ተቀምጦ ሲጠብቅ ሰብሳቢው በረጠበ ሱሪ ገቡና፣ የአባላቱን አስተያየት ከመጠየቃቸው በፊት የራሳቸውን ጥፋት ተናገሩ። የቄራውን መስመር ስንት ጊዜ እንዳጠፉ፣ ለማን ብለው እንዳጠፉ፣ አንድም ሳያስቀሩ። ከዚያ «ስለዚህ ይህ ረቂቅ ካሁን በኋላ ‹ይታይ› አይባልም፤ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ለስድስት ወር ይሞከር» አሉ። ሌላው እንደ ልማዱ ደገመ። ያን ቀን እንኳ ልማዱ በጀ።

ለሆቴሉ ባለቤትም መልሰው ደወሉ። «የዛሬውን ቃሌን እጠብቃለሁ፤ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ግን ተራህን እንደማንኛውም ሰው ታየዋለህ» አሉት። ሰውዬው ተቆጣ፤ ቆይቶ ግን የውኃ ማሞቂያዎቹን ከሰዓት በኋላ እያሞቀ ማታ ማሳረፍ ጀመረና ቅናሹን ሲያይ ቁጣው በረደ።

ሙከራው መጀመሪያ ላይ ተንፏቀቀ። የጊዜ ሰሌዳው በየቀበሌው ተለጠፈ፣ በስልክም ተላከ፤ የቄራ ሥጋ ቤቶች ማቀዝቀዣቸውን አስመዘገቡ፤ ሊካሳ ሰሌዳውን ከማሽኑ በላይ ለጠፈና ለደንበኞቹ ቀን ቆርጦ መናገር ቻለ። ከዚያ ወዲያ ግን መሣሪያዬ በተጨናነቀ ሰዓት ይረፍ የሚለውን የፈቃድ ቅጽ የሚሞላ ሰው ጠፋ። ሰው ሁሉ «ደንቡ ለኛ ነው፣ ለትልልቆቹ ስልክ አለ» ይላል። ማን ይፈርድበታል? የለመደው እንደዚያ ነው።

አቶ ደቻሳ የሚኖሩት እዚያው ቂርቆስ ነው። የሳቸው ግቢ መስመር በሠላሳ ዓመት አንድ ቀን ጠፍቶ አያውቅም። ደላሎች እንኳ ሲያከራዩ «የአቶ ደቻሳ መስመር ነው» እያሉ ዋጋ ይጨምራሉ፤ ይህን የደላሎች ወሬ የማያውቁት እሳቸውና ባለቤታቸው ወይዘሮ ማዕረግ ብቻ ነበሩ።

በሁለተኛው ወር አንድ ረቡዕ፣ ምሽት አንድ ሰዓት ላይ፣ በሰሌዳው እንደተጻፈው መብራቱ ሄደ። ወይዘሮ ማዕረግ ከወጥ ቤት ተጣሩ።

«ደቻሳ! ምን ሆነው ነው? እንደው አንድ ስልክ ደውልላቸው እንጂ።»

«ለማን ልደውል ማዕረግ? ተራችን ነው። አንድ ተኩል ላይ ይመለሳል።»

«እራቱስ?»

«ቀደም ብለሽ ሥሪ ብዬሽ ነበር እኮ። ነይ፣ ውጭ እንቀመጥ።»

ወንበር አውጥተው በራፍ ላይ ተቀመጡ። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ነበር። አቶ ደቻሳ ሰው ከጎረቤቱ እኩል ሲቀመጥ የሚሰማው ዓይነት ደስታ ተሰማቸው፤ ጨለማ ውስጥ ሆነውም ፈገግ አሉ። ከአጥሩ ማዶ አንድ ጎረቤት በባትሪ አብርቶ አያቸው።

«ጋሽ ደቻሳ? እርስዎም ዘንድ ጠፋ እንዴ?»

«ጠፋ። ምነው፣ እኔ ሰው አይደለሁም?»

ጎረቤቱ ባትሪውን አጠፋ። ከዚያ ወደ ኋላው ዞሮ፣ ለመንገዱ ሁሉ በሚሰማ ድምፅ፣ «እሳቸውም ዘንድ ጠፍቷል» አለ። ወሬው ከቤት ቤት ሲተላለፍ አቶ ደቻሳ ከወንበራቸው ሆነው ሰሙት። በማግስቱ ጠዋት ከዚያ መንገድ ብቻ አርባ አንድ ሰው ቅጹን ሞላ።