ትርፍራፊና ትርፍ

ልብስ ሰፊው ከጌጣጌጥ ሱቁ መስታወት ፊት ለፊት ቆመው፣ ኪሳቸው ውስጥ ያለውን ገንዘብ በጣታቸው ይዳስሳሉ። የመኸር በዓል ደርሷል። ከመስታወቱ ወዲያ የላስቲክ አበባ፣ የሚያብለጨልጭ ሰንሰለትና ቦግ እልም የሚል አምፖል ተንጠልጥሏል። ኪሳቸው ውስጥ ያለው ደግሞ የስፌት መኪናቸውን ለማሳደስ ያስቀመጡት ነው። መኪናው ካረጀ ወዲህ እንደ ጉንፋናም ሽማግሌ እየሳለ ነው የሚሰፋው።

"አጎቴ! እርስዎና ጌጣጌጥ ከመቼ ወዲህ ተዋወቃችሁ?"

ዘወር ሲሉ የእህታቸው ልጅ ናት፤ የሕፃናት አስተማሪ ስለሆነች ከጣቷ ላይ ቀለም አይጠፋም።

"ባንተዋወቅ ይሻለን ነበር" አሉ ልብስ ሰፊው። "ልጄ አማቷን ይዛ ለበዓል ልትመጣ ነው። ሴትዮዋ ቤቴን ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው። እሳቸው የሚኖሩት ፎቅ ቤት ነው አሉ። የኔ ግድግዳ ላይ ያለው ጌጥ ግን ጣሪያው ያፈሰሰው ዝናብ የሣለው ነው። ወይ ይሄን ገዝቼ ልሸፍነው፣ ወይ ታምሜያለሁ ብዬ ልላክባት።"

"እናቴ ይህን ብትሰማ ጉድዎ ፈላ! ልጅዎን በር ላይ ሊመልሷት?"

"ከምታፍርብኝ ብትናፍቀኝ ይሻላል።"

ሰው ኪሱ ሲሳሳ ኩራቱ ይወፍራል። ልብስ ሰፊው ክፉ አባት አልነበሩም፤ ልጃቸውን ለማየት ከጓጉ ሰንብተዋል። ነገር ግን ሰፈሩን ሁሉ ለበዓል የሚያለብስ ሰው የራሱ መስኮት ራቁቱን መሆኑ እንደ እሾህ ይወጋቸው ነበር።

"እስቲ መጀመሪያ ቤቱን ልየው" አለች የእህታቸው ልጅ። "ሱቁ እንደሆነ አይሸሽም።"

ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። በፊተኛው፣ ከመስኮቱ ሥር የስፌት መኪናው፣ ከጎኑ የመተኮሻው ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ ቁልፍ ገና ያልተተከለላቸው ካፖርቶች። ልጅቷ ዓይኗን በዙሪያው አንከራተተችና መጥረጊያ ፍለጋ ወደ መኝታ ክፍሉ ገብታ ከአልጋው ሥር ብትጎነበስ፣ እጇ የገባው አንድ ትልቅ ከረጢት ነው።

"ተዪው! እሱን አትንኪ!"

"ኧረ አጎቴ፣ እባብ ያለበት መሰለኝ እኮ!" አፉን ፈታችው። ውስጡ ጨርቅ ነው፤ አንዳንዱ እንደ መዳፍ፣ አንዳንዱ እንደ ጣት፣ በቀለም ላይ ቀለም። ከጀርባው ሌላ ከረጢት አለ፤ ከዚያም ጀርባ ሌላ። "ይሄን ታቅፈው ነው የላስቲክ አበባ ሊገዙ የሄዱት? ሦስት ማዕዘን እያደረግን ቆርጠን በረጅም ጥብጣብ ላይ ብንሰፋው፣ ከግድግዳ ግድግዳ ይደርሳል!"

"ትርፍራፊ ሰቅዬ የተከበረ እንግዳ ልቀበል? ድህነቴን ግድግዳ ላይ ልጻፈው?"

"ድህነት የሚጻፈው በቆሻሻ ነው። ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ቀለሙ ተመርጦ የተሰቀለ ጨርቅ ግን የእጅ ሥራ ነው የሚባለው። እርግጥ ሁሉንም ከሰቀልን ገበያ ይመስላል። የመኸሩን ቀለም ብቻ እንምረጥ፤ ቢጫውን፣ ቀዩንና ቡናማውን።"

"በዓል በአዲስ ነገር ነው የሚያምረው፣ አንቺ ልጅ።"

"አዲስ ማለት ትናንት ያልነበረ ማለት ነው እንጂ፣ ዛሬ የተገዛ ማለት አይደለም።"

የልብስ ሰፊው እምቢታ ግን ለዚህ ብቻ አልነበረም። በሩን ገርበብ አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"እውነቱን ልንገርሽ። ልብስ ሰፊ ምን ተብሎ እንደሚታማ ታውቂያለሽ? ጨርቁ አልበቃም ይልና ግማሹን ለራሱ ያስቀራል ይባላል። እኔ በዚህ ሙያ ስሸብት የማንም ጨርቅ በእጄ አልቀረም፤ ከዚህ ከቁርጥራጩ በቀር። አንድ ቀን ደጅ አውጥቼ ብጥለው ወንፊት አየችው።"

ወንፊት ጎረቤታቸው ያለችው ዳቦ ጋጋሪ ናት። ይህን ስም ያወጡላት ሙያዋን ብቻ አይተው አይደለም፤ ወሬ ስለማይቋጠርባትም ጭምር ነው።

"'ለካ እጅጌዬ ያጠረው ለዚህ ነው!' ብላ ሰፈሩን አዳረሰችው። ከዚያ ወዲህ መጣሉንም ፈራሁ፣ መጠቀሙንም ፈራሁ። ደበቅሁት።"

"ለባለቤቶቹ ለምን አይመልሱላቸውም ነበር?"

"ጣት የምታህል ቁራጭ አስይዤ ልሸኛቸው? መሳቂያ ልሁን?"

ልጅቷ አንዲት ነጭ ነጠብጣብ ያለባት ቀይ ቁራጭ አንስታ በጉልበቷ ላይ አለሰለሰቻት። "አጎቴ፣ የተደበቀ ነገር በሰው ዓይን ሁልጊዜ ከልኩ ይበልጣል። ወንፊት መጋረጃ የሚወጣው ጨርቅ የሰረቋት ይመስላታል፤ ይህችን ብታይ ኖሮ ምን ትል ነበር? እርስዎ ትርፍራፊ ይሉታል። 'ትርፍ' እኮ እዚያው ቃል ውስጥ ተቀምጣለች፤ አልጋ ሥር ስትደበቅ ነው ትርፍራፊ የምትሆነው።"

"ተማሪ ቤት የሚያስተምሩት በቃል መጫወት ነው እንዴ?" አሉ፣ ሳቃቸውን ግን መያዝ አልቻሉም። ከዚያ "ወንፊትስ ብትመጣ?" ብለው ጠየቁ።

"ትምጣ። ወንፊት የሚያውቀው ማፍሰስ ብቻ ነው እንዴ? እብቁንም ከዱቄቱ ይለያል።"

ሥራው በማግሥቱ ተጀመረ። ግድግዳው ኖራ ተቀባ፣ መስኮቱ በአሮጌ ጋዜጣ ተወለወለ። ጨርቁ ታጥቦ ተተኮሰ። ያ የሚያስለው መኪናም እያቃሰተ ሦስት ማዕዘኖቹን በጥብጣቡ ላይ ደረደራቸው። ልጅቷ ከወንዝ ዳር የደረቀ ሣርና ቢጫ ቅጠል ሰብስባ፣ የማርማላታ ብርጭቆዎችን አጥባ ከተተችባቸው። ልብስ ሰፊው መጀመሪያ ላይ ያጉረመርሙ ነበር። በኋላ ግን "እዚህ ጋ ቢጫ ያንሳል" ማለት ጀመሩ፤ ሳይታዘዙም ከቀረው ቁራጭ ሁለት ትራስ ሰፉ።

በበዓሉ ቀን ልጃቸው አማቷን ይዛ ገባች። አማቷ ቀጠን ያሉ፣ ቦርሳቸውን በሁለት እጅ የያዙ ወይዘሮ ናቸው። ገና ሻይ ሳይቀዳ ወንፊት ዳቦ ታቅፋ ዘው አለች፤ እግዜር ይስጥልኝ ሳትባል ዓይኗ ግድግዳው ላይ ቀረ።

"ያቺ ቀይዋ! ነጠብጣቧ! የቀሚሴ ጨርቅ አይደለችም?"

ልጃቸው ቀና ብላ አባቷን አየች። ልብስ ሰፊው በልባቸው 'አለቀልኝ' አሉ፤ ከዚያ ግን ወንበር ላይ ወጥተው ጥብጣቡን ዝቅ አደረጉላት።

"ናት። ካንቺ ጨርቅ የተረፈው ይኸው ነው፤ ሌላ የለም። ለኪይው።"

ወንፊት ዳቦውን አስቀምጣ ቁራጭዋን በመዳፏ ላይ ዘረጋቻት። መዳፏን እንኳ አልሸፈነችም።

"ይቺ ናት እንዴ? ጉድ እኮ ነው! እኔ መጋረጃ አውጥተህበት ሸጥከው እያልኩ ሳማህ!" ትንሽ አሰበችና "ታዲያ ጋሼ፣ እጅጌዬ ለምን አጠረ?" አለች።

"እጅጌሽ አላጠረም፤ ሊጥ ስታቦኪ ክንድሽ ነው የደነደነው።"

ከሁሉ አስቀድመው የሳቁት አማቲቱ ነበሩ። ቦርሳቸውን መሬት አስቀምጠው ትራሱን ተደገፉ። "የሰው ቤት ስሄድ የምሰብረው ነገር ያለ እየመሰለኝ ተሰብስቤ ነው የምቀመጠው" አሉ። "እዚህ ግን እጄን የማሳርፍበት አገኘሁ። የሚቀጥለው በዓል እኔ ቤት ነው። እንዲህ ያለ ጥብጣብ ሰፍተው ይዘው እንዲመጡ ግን ቃል ይግቡልኝ።"

ልጃቸው ተነሥታ አባቷ አጠገብ ተቀመጠች።

ወንፊት ያን ቀን የሰማችውን ሳይመሽ አፈሰሰችው፤ በዚህ ጊዜ ግን የፈሰሰው ንጹሑ ነበር። የስፌት መኪናው በዚያው በተቀመጠው ገንዘብ ታደሰ፣ ሳሉም ቆመ። ከዚያ በዓል ወዲህ ልብስ ሰፊው ልብስ ሲያስረክቡ የተረፈውን ቁራጭ፣ ጣት ብታህልም፣ ጠቅልለው ከልብሱ ኪስ ይከታሉ። ብዙ ደንበኛ "ለግድግዳው ይሁንልዎ" ብሎ ይመልስላቸዋል፤ በገዛ እጁ የሰጠ ሰው ደግሞ ሐሜት አያነሣም። ጌጡ ገንዘብ ሳያስወጣ ቤቱ አማረ፣ ስማቸው ጠራ፣ ልጃቸውም መመላለስ አበዛች።

አልጋው ሥር አሁን የሚገኘው አንድ ጥንድ ነጠላ ጫማ ብቻ ነው። ሥሩ የተደበቀ ነገር የሌለበት አልጋ ደግሞ፣ ፍራሹ ቢሳሳም፣ እንቅልፉ ይጥማል።