ስም የሌለው ቋጠሮ

ሰውን መምከር ቀላል ነው፤ ሥራዬ ስለሆነ አውቀዋለሁ። በ፲፱፻፸፬ ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው በጣና ዳር ሲካሄድ፣ እኔ መምህር ቢያዝን ከባሕር ዳር ተልኬ የቁንዝላን ጣቢያዎች እቆጣጠር ነበር። ፊደል ካስቆጠርን በኋላ ስለ ንጽሕና፣ ስለ ጎጂ ልማድ፣ ሥር እየማሱ ሕዝቡን ስለሚያጠጡ ባለመድኃኒቶች እንናገራለን። በዚህ በመጨረሻው ርዕስ ላይ እንደ እኔ አፉ የሚፈታ አልነበረም። ታዲያ ያን ሁሉ ስናገር በኮቴ የውስጥ ኪስ አንዲት የጨርቅ ቋጠሮ ነበረች። ሆዴን ያመኛልና ሦስት ዓመት ሙሉ ከመሪጌታ ወልደ ሐዋርያት እጅ መድኃኒት እየተቀበልሁ በድብቅ እጠጣ ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይህ ነው።

መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ፣ በቁንዝላ አጠገብ ባለች ደብር ዜማ ሲመሩና ሲያስተምሩ የኖሩ ሊቅ ናቸው። የመድኃኒታቸው ዝና በዚህ እስከ መራዊ፣ በዚያ እስከ ቆላ ድባ ይሰማል። ሥርዓታቸውም ጥብቅ ነው። ቅጠሉን የሚቆርጡት ፀሐይ ሳትወጣ፣ ከሰው ጋር ቃል ሳይለዋወጡ፣ ጥላቸው ሳያርፍበት ነው። ስሙን ለማንም አይናገሩም፤ ስሙ የተጠራ መድኃኒት ኃይሉ ይሸሻል ይላሉ። ስለዚህ ደርቆ ከተወቀጠ በኋላ በጨርቅ ይቋጥሩታል እንጂ አይጽፉበትም። አንድ ጊዜ የተቋጠረው የሚጠጣ፣ ሁለት ጊዜ የተቋጠረው የሚቀባ መሆኑን የሚያውቁት እሳቸውና የሚወስደው ሰው ብቻ ናቸው።

አንድ ቅዳሜ ማለዳ ወደ ባሕር ዳር የምትሄደውን ጀልባ ስጠብቅ መሪጌታን ከወደቡ ዛፍ ሥር አገኘኋቸው። ቀድመው ከመጡት ሰዎች ፈንጠር ብለን አዲስ ቋጠሮ ሰጡኝ፤ እኔም ዞር ብዬ አንዲት ማንኪያ በውሃ በጥብጬ ጨለጥሁ። ጀልባዋ ውስጥ ስንገባ ግን እንደማንተዋወቅ ሁሉ «እንደምን አደሩ መሪጌታ?» አልኋቸው። እሳቸውም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንዴት አደርህ መምህር?» ብለው በጨዋነት መለሱልኝ።

ከአጠገባችን ፅጌ ማርያም ተቀምጣለች። የመሪጌታ የእኅታቸው ልጅ ናት፤ እናቷ ስትሞት እሳቸው አሳድገው አስተማሯት፤ አሁን በቁንዝላ ክሊኒክ ጤና ረዳት ናት። ለክሊኒኩ መድኃኒት ልታመጣ ነበር የምትሄደው። አጎቷ ወዴት እንደሚሄዱ ጠየቀቻቸው። ወደ ሳሊህ ቤት አሏት። ሳሊህ በባሕር ዳር ዳርቻ ከሐይቁ ቄጠማ፣ ከደንገል፣ ታንኳ የሚሠራ ሰው ነው፤ አባቱ መሪጌታን በልጅነታቸው ከደሴት ደሴት እየቀዘፈ ያደርሳቸው ስለነበር የሁለቱ ቤት ወዳጅነት አባትን ተሻግሮ ለልጅ ደርሷል። የሳሊህ ሚስት ዘሊካ የወፍ በሽታ ይዟት ዓይኗ ቢጫ ሆኗል። ባለፈው ሳምንት በሰው እጅ የላኩላትን ጨርሳለች፤ ዛሬ ሁለተኛውን ራሳቸው ይዘውላት መሄዳቸው ነው።

«አጎቴ፣ የሚወስዱላት ቅጠል ምንድን ነው?» አለች ፅጌ ማርያም።

«የወፍ መድኃኒት።»

«የበሽታውን አይደለም፤ የቅጠሉን ስም ነው የጠየቅሁ።»

መሪጌታ ፈገግ አሉ። «ስትድሂ ያልነገርሁሽን በጀልባ ላይ ልነግርሽ ነው ልጄ?»

ፅጌ ማርያም አልሳቀችም። ባለፈው ክረምት አዘዘ የሚባል ገበሬ በቃሬዛ ወደ ክሊኒኩ መጥቶ እንደነበር ነገረቻቸው። የሆነ ሥር ጠጥቶ ሌሊቱን ሲያስመልሰው አድሯል። ምን እንደጠጣ ዘመዶቹ አያውቁም። ወዳጠጣው ሰው ተላከ፤ ሰውየውም ስሙን ከምናገር ምላሴ ይቆረጥ አለ።

«የጠጣውን ብናውቅ ማርከሻ እንፈልግለት ነበር» አለች። «እጄ ላይ ሞተ አጎቴ። የጠጣው ነገር ስም አልነበረውም፤ እሱ ግን ስም ነበረው።»

መሪጌታ ነፍስ ይማር አሉ። ከዚያ በቁጣ ሳይሆን በእርጋታ፣ በየገበያው እየዞረ ባልተቀቀለ መርፌ ሰው የሚወጋውስ ስንቱን ገደለ ብለው ጠየቋት። እጁ ያበጠ፣ ጭኑ የመገለ ሁሉ ወደሳቸው እንደሚመጣም ነገሯት። እሷም እውነት ነው አለች፤ መርፌ ስለያዘ ብቻ ሰው ሐኪም አይሆንም ብላ አመነችላቸው። በዚህ መካከል እኔ ዝም ማለት ሲገባኝ ስለ ጎጂ ልማድና ስለ ሕዝቡ ንቃት ረዘም ያለ ንግግር አደረግሁ። መሪጌታ እስክጨርስ ጠብቀው ወደ ኮቴ ኪስ አንድ ጊዜ አዩና፣ «መምህር መልካም ተናግሯል» ብቻ አሉ። ሊያዋርዱኝ ይችሉ ነበር፤ አላዋረዱኝም። ያን ደግነታቸውን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ፅጌ ማርያም ግን የእኔን ንግግር አልወደደችውም። «ቅጠል ጠላታችን አይደለም መምህር» አለችኝና ወደ አጎቷ ዞረች። «የወባው ኪኒን ከምን የወጣ ይመስልዎታል? ከዛፍ ልጥ ነው። ባሕር ማዶ በተራራ አገር የሚኖሩ ሰዎች ለብርድና ለትኩሳት ይጠጡት ነበር። የራስ ምታቱ አስፕሪንም ዘሩ ከአኻያ ዛፍ ነው። ቻይናዎችም፣ ሕንዶችም፣ ዓረቦችም እንደ እርስዎ ሲለቅሙና ሲወቅጡ የኖሩ ናቸው። ሩቅ ለምን እንሄዳለን? በእንዶድ ልብስ የሚያጥቡ የእኛው ሴቶች ናቸው፤ የታጠበበት ውሃ የቢልሃርዝያን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል የታወቀው እነሱ ‹ይህ እንዶድ ነው› ብለው ስሙን ስለተናገሩ ነው። ስሙን ባይናገሩ ማን ይመረምረው ነበር?»

«ኪኒን ከልጥ ነው አልሽ?» አሉ መሪጌታ፤ ነገሩ ደስ እንዳሰኛቸው ከፊታቸው ይታያል።

«ከልጥ ነው። ስሙ ተጠርቶ፣ ተመዝኖ፣ በላዩ ተጽፎበት። ኃይሉም አልሸሸ።»

መቼም እውነተኛው ነገር ከሰው አፍ የሚወጣው ከብዙ ሰበብ በኋላ ነው።

«እውነቱን ልንገርሽ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ስሙን ከተናገርሁ ሰው ሁሉ ከአጥሩ እየቆረጠ ይጠጣል፤ ልኩን ሳያውቅ ይጎዳል። ይህ አንድ ነው። ሁለተኛው ደግሞ የራሴ ነው። ዓይኔ ደክሞ ዜማ መምራት ከተውሁ ሁለት ዓመቴ። ደጄን የሚረግጥ ሰው ያለው በዚህ ቋጠሮ ምክንያት ነው። ስሙን ሰጥቼ ምኔን ይዤ ልቀመጥ?»

ፅጌ ማርያም እጃቸውን ይዛ ሳመች። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት» አለች። «መድኃኒቱን የደበቀስ ምን ይበጀዋል?» ክርክሩም በዚያው ቆመ።

ባሕር ዳር ስንደርስ ሳሊህ ከዳርቻው ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ለሦስታችንም ሰላምታ ሰጥቶ ካልገባችሁ አለን፤ ቤቱ እዚያው ከደንገሉ ዳር ነው። ዘሊካ ከግቢው ዛፍ ሥር በሰሌን ላይ ተጋድማለች። ፊቷ ከስቷል፤ ዓይኗ እንደተባለው ቢጫ ነው። ሆኖም መሪጌታን ስታይ ልትነሣ ሞከረችና እሳቸው በግድ መለሷት።

መሪጌታ ከከረጢታቸው አንድ ጊዜ የተቋጠረውን ጨርቅ አውጥተው ለሳሊህ ሰጡት፤ አሁኑኑ አንድ ሲኒ በጥብጦ እንዲያጠጣት ነገሩት። ሳሊህ ቋጠሮውን ፈታ። ዱቄቱን ወደ ሲኒው ሊያደርግ ሲል እጁ ቀጥ አለ። አሸተተው፤ ደግሞ አሸተተው።

«መሪጌታ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ። «ይህ ብርብራ ነው።»

«የምን ብርብራ? አንድ ጊዜ የተቋጠረ፣ የሚጠጣው አይደለም እንዴ?»

«አንድ ጊዜ ነው የተቋጠረ። ግን ዓሣ የምናፈዝበት ብርብራ ነው። ከአባቴ ጋር ስወቅጠው ነው ያደግሁ፤ ጉሮሮ ሲይዝ አውቀዋለሁ።»

መሪጌታ ተቆጡ። ሃምሳ ዓመት መድኃኒት ስሰጥ ተሳስቼ አላውቅም አሉ። ሳሊህ ከሽማግሌ ጋር አይከራከርም። ለመንጠቆ የሚያቆያቸው ትናንሽ ዓሦች ያሉበትን ጣሳ አምጥቶ ከፊታቸው አስቀመጠና ከዱቄቱ ቆንጠር አድርጎ ነሰነሰበት። ሁላችንም ከበን አየን። መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ትንሽ ቆይቶ ዓሦቹ ወደ ላይ እየመጡ አፋቸውን ይከፍቱ ጀመር። ከዚያ አንዱ በጎኑ ተገለበጠ፤ ሌሎቹም ተከተሉት።

መሪጌታ ጎንበስ ብለው አዩ፤ ግን አልታያቸውም። እጃቸውን ጣሳው ውስጥ ነከሩ። ዓሦቹ ከጣታቸው አልሸሹም። ያን ጊዜ ፊታቸው ጠቆረና እመሬት ላይ ቁጭ አሉ።

«ለመራዊ ሰው ለከብቱ መዥገር ያዘጋጀሁት ነው» አሉ። «ሁለቱም ዱቄት ለዓይኔ አንድ ሆነብኝ። አፍንጫዬም ከዓይኔ ጋር አርጅቷል። ጉበቷ የታመመ ሴት ይህን ብትጠጣ…» አልጨረሱትም። እንባቸው በጢማቸው ላይ ወረደ።

እኔም አዘንሁላቸው ብል ደስ ይለኝ ነበር። እውነቱ ግን እጄ ወደ ኪሴ ነው የሄደው። ማለዳ ከዚያችው ቋጠሮ አንድ ማንኪያ ጠጥቻለሁ። ንቃቴም ዘመቻዬም ከኔ ጋር አልነበሩም። ቋጠሮዬን በሰው ፊት አውጥቼ፣ «የኔታ፣ ይህስ ምንድን ነው? ጧት ጠጥቼዋለሁ» አልሁ። ፅጌ ማርያም ቀና ብላ አየችኝ። በጀልባው ላይ የተናገርሁትን ሁሉ ያን ጊዜ መልሼ ብውጠው በወደድሁ።

መሪጌታ ቋጠሮውን ፈተው ዱቄቱን በምላሳቸው ጫፍ ነካ አደረጉ። ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። ስሙን ለመናገርና ላለመናገር ከራሳቸው ጋር ሲታገሉ በግልጽ ይታይ ነበር።

«ግራዋ ነው» አሉ በመጨረሻ። «አትፍራ። ግራዋ ነው።»

«ግራዋ? ሚስቴ ጋን የምታጥብበት?»

«እሱው ነው። ከቤትህ ኋላም ሳይኖር አይቀርም።»

ዘሊካ፣ ያች የታመመች ሴት፣ ከሰሌኗ ላይ ሆና ሳቀች። ሳሊህም ሳቁን ሊደብቅ ፊቱን አዞረ። ለካ ሦስት ዓመት ሐይቅ እየተሻገርሁ በድብቅ የምሸከመው የገዛ አጥሬን ኖሯል። ፅጌ ማርያም ግን ፋታ አልሰጠችም። ከአጎቷ ፊት ተንበርክካ፣ ባለፈው ሳምንት ዘሊካ የጠጣችው ምን እንደነበረ ጠየቀቻቸው። ሆስፒታል ልትወስዳት ነው፤ ሐኪሙ መጠየቁ አይቀርም።

«ስሚዛ ነው» አሉ መሪጌታ፣ አሁን ሳይዘገዩ። «የስሚዛ ቅጠል። በቡና ሲኒ፣ ጧት በባዶ ሆዷ፣ ሰባት ቀን። ያን ጊዜ የወቀጥሁት ብቻውን ስለነበር ከሌላ ጋር አልተምታታም። ጻፊው ልጄ፤ ስሙንም ልኩንም ጻፊው።»

የጻፈችው በእኔ የዘመቻ ደብተር ላይ ነው፤ ከዚያ የተሻለ ነገር በዚያ ደብተር ላይ ተጽፎ አያውቅም። በዚያው ዕለት ዘሊካን ሆስፒታል አደረስናት። ሐኪሙም እንደተጠበቀው የጠጣችውን ጠየቀ። ፅጌ ማርያም ከወረቀቱ አነበበችለት። እሱም አላፌዘም፤ ከካርዱ ላይ ጻፈውና ወደ ሕክምናው ገባ። ዘሊካ ከወር በኋላ ድና ወደ ቤቷ ተመለሰች። ስሚዛው ረድቷት እንደሆነ ፅጌ ማርያምን ብጠይቃት፣ አላውቅም፤ አሁን ግን ስሙ ስለታወቀ አንድ ቀን የሚያውቅ ይገኛል አለችኝ።

መሪጌታ ያን ሰሞን መድኃኒት ለማንም አልሰጡም። ፅጌ ማርያም ዓይናቸውን ለማስመርመር ወሰደቻቸው፤ ሞራ ነው ተባለና ተገፈፈላቸው። ባንዲራ የሚያህል ፊደል እንኳ የማይታያቸው ሰው መነጽር አድርገው እንደገና ዳዊት ደገሙ። ከዚያ ቁጭ ብለው የሚያውቁትን ሁሉ፣ ስሙን፣ ልኩን፣ ለማን እንደሚከለከል ጭምር፣ በእጃቸው ጻፉ።

ደጃቸው ጭር ይላል ብለው የፈሩት አልደረሰም። ግራዋ ግራዋ መሆኑን ባውቅም ስንት እንደሚጠጣ፣ መቼ እንደሚተው የማውቀው እሳቸውን ጠይቄ ነው። ከአቅማቸው በላይ የሆነውን ሕመምተኛ ወደ ክሊኒኩ ይልካሉ፤ ክሊኒኩም ቅጠል ጠጥቶ የመጣ ሰው ሲያጋጥመው ወደሳቸው ይልካል። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ከአባቶቻችን ቅጠል አትሽሽ፤ ስሙንና ልኩን ሳትጠይቅም አትጠጣ። ይህን የምልህ ሳልጠይቅ ሦስት ዓመት የጠጣሁ ሰው ነኝ።

ባለፈው ሄጄ መድኃኒቴን ስቀበል በቋጠሮው ላይ ወረቀት ታስሮበታል፤ «ግራዋ። ለሆድ። የሚጠጣ።» ይላል፣ በጥቁር ቀለም። ከአጠገቡ ባለው ሌላ ቋጠሮ ላይ ግን በቀይ ተጽፏል፤ «ብርብራ። ለመዥገር። አይጠጣም።» በብራና መጻሕፍት ቀይ ቀለም የሚገባው ለቅዱሳን ስም መሆኑን ስለማውቅ፣ እንዴት ለመርዝ አዋሉት ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ቀይ ሲያይ አንባቢ ረጋ ይላል» አሉኝ። «እኔም እዚህ ላይ ረጋ እንዲል ነው የምፈልገው።»

ተሰናብቻቸው ወደ ወደቡ ወረድሁ። ቋጠሮዬንም ኪሴ አላስገባሁትም፤ ጽሑፉን ወደ ውጭ አዙሬ በእጄ እንደያዝሁ ከሰው ጋር ተሳፈርሁ።