ውጤቱ በእኔ ስም ነው

ከሶሎሎ ወደ ሞያሌ በሚሄደው ማታቱ ሚኒባስ ውስጥ አንድ የግመል ደላላ ከጎኑ ለተቀመጠች ባለሱቅ የልቡን ነገር ሲያወራላት ከኋላቸው ተቀምጬ እሰማ ነበር።

«አንዳንዴ ልቤ ይዘላል ብዬ ብነግረው፣ የልብ ሐኪሙ ደረቴ ላይ ሽቦ ለጥፎ ትንሽ ማሽን አሰረልኝ። የልብህን ምት ይመዘግባል፣ እስከ ነገ እንዳታወልቀው አለኝ።»

«እሺ።»

«ቀኑ ግን የገበያ ቀን ነበር። እንደምታውቂው እኛ ዋጋ የምንነጋገረው በፎጣ ሥር ጣት በመንካት ነው። ገዢዎቹ ሽቦውን ሲያዩ፣ ዋጋችንን ይቀዳል ብለው እጃቸውን ከለከሉኝ።»

«አወለቅከዋ?»

«ምን ላድርግ፣ እትዬ? ሥራ ፈትቶ እንዳይውል ለሚስቴ አሰርኩላት። እሷው ጋ አደረ።»

«ውጤቱስ?»

«ክፉ ነው። ሌሊት ልቤ ለጥቂት ሰከንድ ቀጥ እያለ ይቆማል አሉ። ምት የሚያስተካክል መሣሪያ ደረቴ ውስጥ ካልተቀበረ አደጋ ነው። ወደ ናይሮቢ የሚልከኝን ወረቀት ልቀበል ነው የምሄደው።»

«ወንድሜ፣ ሌሊቱን የቆመው የሚስትህ ልብ ነዋ።»

«ውጤቱ በእኔ ስም ነው።»

«ለሐኪሙ ነገርከው?»

«እንዳታወልቅ ብሎኝ እንዴት ብዬ?»

«አሁን እሷ የት ናት?»

«ሶሎሎ፣ ቤት ናት። ሰሞኑን ያዞራታል፤ ትናንትም ውኃ ስትቀዳ ወድቃ ነበር። እኔ ልዳንና እሷንም አሳክማታለሁ።»

ሞያሌ ስንገባ ወደ ሶሎሎ የሚመለሰው መኪና ከየት እንደሚነሳ ዓይኔ ይፈልግ ነበር።